በሣጥኑ ውስጥ ያለው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ወንዶች የአስከሬን ሣጥን በትከሻቸው ተሸክመው፣ አንዳንዴም ሣጥኑን እንደ ያዙ ተንበርክከው፣ በአንድነት ሲወዛወዙ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ ወጣት በመካከላችሁ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ቪዲዮው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። አስቀድሞ አንድ ሰው ከጣራ ወደ ጣራ ሊዘል ሲንደረደር ወይም በብስክሌት ቁልቁለት ሲከንፍ እናያለን፤ ሊወድቅ ሲል ምስሉ ይቋረጣል፤ ሙዚቃው ይጀምራል፤ ሣጥን ተሸካሚዎቹም ብቅ ይላሉ። መልእክቱ «ይህ ሰው አበቃለት» የሚል ነው። ቃል ስለሌለው በየትኛውም አገር ያለ ሰው ይረዳዋል፤ ወይም የተረዳው ይመስለዋል።

ይህን የምጽፈው በሳቁ ላይ ለመፍረድ አይደለም። አንዲት ጥያቄ አብረን እንድንጠይቅ ነው፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው ማን ነው?

ጥያቄዋ እንግዳ ትመስል ይሆናል። በቀብር ሥርዓት ላይ ለሚያገለግል ዲያቆን ግን የመጀመሪያዋ ጥያቄ እርሷ ናት። አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ካህኑ አስቀድሞ የሟቹን የክርስትና ስም ይጠይቃል፤ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ስሙን ጠይቆ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ ዲያቆኑ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በሌላ ስም ሲጠራቸው የኖሩት አባት በዚያች ሰዓት ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም ይሆናሉ። አንዳንዴ የቤተሰቡ ሰው ስሙን ለመናገር ድምፅ ያጣል። እኔም ዝም ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ። የምጠብቀው ቤተ ክርስቲያን «አንድ ሟች» ብላ ስለማትጸልይ ነው፤ ልጇን የምታሰናብተው በተጠመቀበት ስም ጠርታ ነው።

የቪዲዮውን ምንጭ እንድፈልግ ያነሣሣኝ ይህ ልማድ ነው። ያገኘሁትንም ልንገራችሁ።

ሣጥን ተሸካሚዎቹ ጋናውያን ናቸው፤ ከአክራ በስተ ምሥራቅ በባሕር ዳርቻ ካለችው ከፕራምፕራም ከተማ። መሪያቸው ቤንጃሚን አይዱ ይባላሉ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ሥራቸው ዘገባ ሠርቶ ነበር። በዚያ ዘገባ ላይ እኚህ ሰው የተቀናጀውን እንቅስቃሴ በሥራው ላይ የጨመሩት ራሳቸው መሆናቸውን ተናግረዋል። ደግሞም ሐዘንተኛ ቤተሰብ ወደ እርሳቸው ሲመጣ፣ ሽኝቱ በጸጥታ ይሁን ወይስ በትርኢት የደመቀ ይሁን ብለው አስቀድመው እንደሚጠይቁ ገልጸዋል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ። ጭፈራው የሚመጣው ከጥያቄ በኋላ ነው።

በጋና ቀብር ታላቅ የማኅበረሰብ ጉዳይ ነው። አስከሬኑ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በማቆያ ይቆያል፤ ዘመድ ከሩቅ እስኪሰበሰብ፣ ዝግጅቱም እስኪሟላ። ሥርዓቱ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ቀን ይፈጸማል። ሐዘንተኞች ጥቁርና ቀይ ይለብሳሉ፤ ሟቹ ዕድሜ ጠግቦ የሄደ ከሆነ ግን ነጭ ይታከልበታል፤ ረጅም ዕድሜ ምስጋና የሚገባው ነውና። በአክራና በአካባቢዋ በሚኖረው የጋ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ የሟቹን ሥራ የሚያስታውስ ሣጥን የሚሠሩ አናጢዎች አሉ፤ ዓሣ አጥማጅ ለነበረው ሰው ሣጥኑ በዓሣ አምሳል ይሠራለታል። እንግዲህ በዚያ አገር ሣጥን ይዞ መወዛወዝ በሞት ላይ መሳለቅ አይደለም። «ይህ ሰው በከንቱ አልኖረም፤ ዝም ብለን አንሸኘውም» ማለት ነው።

ሙዚቃው ግን የጋና አይደለም። «አስትሮኖሚያ» የተሰኘው ዜማ የሩሲያዊው የቶኒ ኢጊ ነው፤ ቫይስቶን የሚባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ2014 ለጭፈራ በሚመች መንገድ እንደገና ሠሩት። የጋናው ምስልና ይህ ዜማ ተጣምረው በዓለም ላይ የተሠራጩት በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው። በቲክቶክ ድምፅ ከምስሉ ተለይቶ ማንም በራሱ ምስል ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ምስሉም አጭር እንዲሆን ይቆረጣል። ሲቆረጥ የሚቀረው ዓይን የሚይዘው ነገር ነው፤ የሚጣለው ደግሞ የሚያስረዳው። ከዚህ ቪዲዮ የተጣለው የሟቹ ስም ነው፤ የቤተሰቡ ፊት ነው፤ ከሣጥኑ በፊት የተጠየቀችው ጥያቄም ናት።

ይህን ሳስብ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናገኛት አንዲት ሴት ትታወሰኛለች። ሐና በእግዚአብሔር ቤት ቆማ በልቧ ትጸልይ ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ አፍዋን ይመለከት ነበርና የሰከረች መሰለችው፤ ገሠጻትም (1ኛ ሳሙ. 1፥9-18)። ዔሊ ያየው ዛሬ በእጃችን የያዝነውን ዓይነት ነገር ነው፤ ምስል አለ፣ ድምፅ የለም። ያየውን አላየም ማለት አንችልም፤ ከንፈሯ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የተሳሳተው ትርጉሙን ከራሱ አምጥቶ ስለ ሞላበት ነው።

ነገር ግን ዔሊ አንድ ዕድል ነበረው። ሐና በአጠገቡ ነበረች። መልሳ ተናገረችው፤ ልቧ ያዘነባት ሴት መሆኗን፣ የወይን ጠጅ አለመጠጣቷን፣ ነፍስዋን በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰሷን ነገረችው። እርሱም ሰማት፤ ተግሣጹን ትቶ በሰላም አሰናበታት። በቪዲዮ ውስጥ ያለች ሐና ግን መልስ መስጠት አትችልም። ሰክራለች ያልናትን ሰክራለች እንዳልን ወደሚቀጥለው ምስል እናልፋለን።

ቪዲዮው በተሠራጨባቸው በእነዚያ ወራት እኛም በሐዘን ውስጥ ነበርን። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የዚያን ዓመት ሆሳዕናና ትንሣኤ አብዛኞቻችን በቤታችን ሆነን እንዳሳለፍናቸው ታስታውሳላችሁ። እኔ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ከትንሣኤ በኋላ የአንድ የክፍል ጓደኛዬ እናት ዐረፉ፤ በዚያ በሽታ ሳይሆን በቆየ ሕመም። ዕድሩ ድንኳን አልጣለም። ጎረቤት በየበሩ ቆሞ ከሩቅ አለቀሰ። ሣጥኑን የተሸከሙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ከኋላ የተከተሉትም በጣት የሚቆጠሩ።

በሦስተኛው ቀን በክፍላችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ያ ቪዲዮ ተላከ። የላከው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ የጓደኛችን እናት ማረፋቸውንም ገና አልሰማም። ሌሎች የሳቅ ምልክት ጨመሩበት። ሐዘንተኛው ጓደኛዬ ምንም ሳይጽፍ ከቡድኑ ወጣ።

በማግሥቱ ልጠይቀው ሄድሁ። በግቢያቸው በር ላይ ተራርቀን ቆምን። ስለ ቪዲዮው ምን እንደምለው እያሰብሁ ሳለ እርሱ ራሱ አነሣው። የተናገረው ግን የጠበቅሁትን አልነበረም። «ከኋላ ያለውን ሕዝብ አይተኸዋል?» አለኝ። «ሁሉም ተሸካሚዎቹን ነው የሚያየው። እኔ ከሣጥኑ ኋላ የሚሄደውን ሰው ነው ያየሁት። ለእናቴ እንደዚያ ያለ ሰው ቢመጣላት ኖሮ!» አለና ዝም አለ።

ውድ አንባብያን፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ቪዲዮውን በትክክል ያነበበ እርሱ ብቻ ነበር። የጋናን ቋንቋ አያውቅም፤ ስለ ባህላቸውም አልተማረም። ቀብርን ግን ያውቅ ነበር። እኛ ቀልድ ባየንበት ምስል ውስጥ እርሱ በክብር የተሸኘ አንድ ሰውና ብዙ ለቀስተኛ አየ። ሐዘን ዓይኑን ከፍቶለት ነበር።

በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍላችን ይህን ጉዳይ ስናነሣ አንድ ወንድም ጠንከር ያለ ጥያቄ አቀረበልኝ። «ባለቤቶቹ ራሳቸው ደስ ብሏቸው ሳለ አንተ ስለ እነርሱ የምታዝነው ለምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄው እውነት አለው። የጋና ሣጥን ተሸካሚዎች በዝናቸው አልተቈጡም። እንዲያውም በወረርሽኙ ወራት ራሳቸው ባወጡት ቪዲዮ ሐኪሞችን አመስግነው፣ ሰዎች ሁሉ በቤታቸው እንዲቆዩ፣ አለዚያ ግን ከእነርሱ ጋር እንደሚጨፍሩ በቀልድ አስጠንቅቀዋል። ቀልዱን ተቀብለው ለበጎ አዋሉት፤ የሰው ሕይወት ማትረፊያ አደረጉት። ይህ ብልህነት ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። ተሸካሚዎቹ የሥራቸው ባለቤቶች ናቸው፤ በሥራቸው ቢቀልዱ የራሳቸው ነው። በሣጥኑ ውስጥ የተኛው ሰው ግን በቀልዱ አልተስማማም፤ ቤተሰቡም ሽኝቱ እንዲደምቅ እንጂ እናታቸው ወይም አባታቸው የዓለም መሳቂያ እንዲሆኑ አልጠየቀም። ደግሞም የባለቤቱ ደስታ የእኛን አለማወቅ ወደ ማወቅ አይለውጠውም። አይዱ በምስሉ ቢደሰቱም እኛ ያየነው ምን እንደ ነበር እስካሁን ካልገባን፣ አልገባንም። እኚያ ሰው ሥራቸውን የሚጀምሩት ሐዘንተኛውን ጠይቀው መሆኑን ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ። እኛ የወረስነው ጭፈራውን ነው፤ ጥያቄውን ትተነዋል።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። መዘምራን በማኅሌት መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ የሚያሳይ ምስል ድምፁ ወጥቶ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ተለጥፎበት አይቻለሁ። በሥሩም የማላውቃቸው ሕዝቦች በየቋንቋቸው ይስቁ ነበር። እናንተ ግን የሽብሸባን ምሥጢር በሰንበት ትምህርት ቤት ተምራችኋል። ሊቃውንቱ ወዲህና ወዲያ ማለታቸው ጌታችን በሕማሙ ቀን ወዲህና ወዲያ መገፋቱን ያስታውሳል። የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮቱ፣ ጠባቡ አፍ የትስብእቱ ምሳሌ ነው፤ በከበሮው ላይ የሚታየው ጠፍር የግርፋቱን ሰንበር ያሳስባል። እንግዲህ የማያውቅ ሰው ጭፈራ ብሎ የሚስቅበት እንቅስቃሴ ለእኛ የሕማማት መታሰቢያ ነው። በአገራችን የአርበኛ ቀብር ላይ ፉከራና ቀረርቶ ሲሰማ ከሩቅ ያለ ሰው ጠብ የተነሣ ሊመስለው ይችላል፤ እኛ ግን ለቅሶ መሆኑን እናውቃለን። ሜልኮልም ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው (2ኛ ሳሙ. 6፥16)። ከመስኮቱ አልወረደችም፤ ከሕዝቡም ጋር አልቆመችም። የእጅ ስልክም መስኮት ነው፤ ያሳያል፣ ነገር ግን ከሕዝቡ መካከል አያቆምም።

ስለ እኛ ሲሆን ይህን ፈጥነን እናስተውላለን፤ እንቈጣለንም። ስለ ሌላው ሲሆን ግን ያው ቍጣ አይመጣም። የሌላ አገር ሰዎች በቋንቋቸው ሲያለቅሱ ወይም በእምነታቸው ሥርዓት ሲቆሙ የሚያሳይ ምስል ላይ ያላሉትን የአማርኛ ቃል እየጻፍን እንቀባበላለን። ይህም ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። «ኤል ሪሲታስ» በሚል ስም የሚታወቀው የሴቪያው ስፔናዊ ኮሜዲያን ሁዋን ሆያ ቦርሃ፣ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ ራሱን መግታት እስኪያቅተው ድረስ ሲስቅ የሚያሳየውን ምስል አይታችሁት ይሆናል። ሰውዬው የሚያወራው በወጥ ቤት ሲሠራ የምግብ መጥበሻዎችን በባሕር ውኃ ይለቁ ብሎ አሳድሮ፣ ማዕበል እንዴት እንደ ወሰዳቸው ነበር። ዓለም ግን በሥሩ የፈለገውን እየጻፈ፣ ስለ ፖለቲካም ስለ ኮምፒውተርም እንዲናገር አደረገው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ። ሳቁን የማያውቅ የለም፤ የሳቀበትን ነገር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ምስል ሳቅ ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። ልቅሶ ሲሆን፣ ጸሎት ሲሆን፣ ቀብር ሲሆን ግን ጉዳቱ ይከብዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቪዲዮ አናይ ማለት አይደለም። አባታችን ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መንገዱን አሳይቶናል። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር (ሐዋ. 8፥26-40)። መጽሐፉ ከሌላ ሕዝብ፣ ከሌላ ዘመን የመጣ ነው። የሚያነበውም ክፍል እንደ በግ ለመታረድ ስለሚነዳ ሰው ይናገራል፤ ወደ ሞት ስለሚሄድ ሰው። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበትና የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ባለሥልጣን ነበር፤ ቢሆንም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ለመናገር አላፈረም። ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥም ለመነው። ከዚያም የጠየቃት ጥያቄ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ማን እንደ ሆነ ነበር።

ስለ ማን ነው? ከአገራችን ወጥቶ በሐዋርያት ሥራ የተመዘገበው ይህ ሰው ወደ ሞት ስለሚሄድ አንድ ሰው ባነበበ ጊዜ አልሳቀም፤ ገጹን ገልብጦም አላለፈም። ማንነቱን ጠየቀ። መልሱም ክርስቶስ ሆኖ አገኘው። ወደ ጥምቀት ያደረሰችው ይህች ጥያቄ ናት።

እንግዲህ ከሩቅ አገር የመጣ ምስል በእጃችን ሲገባ፣ ለሌላ ከመላካችን በፊት የአባታችንን ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ ሰው ማን ነው? የት ነው? ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ የተቆረጠው ምንድን ነው? ድምፁስ የራሱ ነው ወይስ የተለጠፈበት? መልሱን ባናገኝ እንኳ ጥያቄው እጃችንን ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። የላክንለት ሰው ዛሬ ምን ቀን ላይ እንዳለም እናስብ፤ አንዱ የሚስቅበት ሰዓት ለሌላው ሣልስት ሊሆን ይችላልና። ለቅሶ ቤት የምንገኝ ወጣቶች የሐዘንተኛን ፊት በስልክ ከመቅረጽ እንቆጠብ፤ ነገ የማን ሙዚቃ እንደሚለጠፍበት አናውቅም። በሰንበት ትምህርት ቤታችን በምስልና በድምፅ የምታገለግሉ እኅቶችና ወንድሞችም፣ ማኅሌቱንና ወረቡን ስታሠራጩ የበዓሉን ስም፣ የቦታውን ስምና የሥርዓቱን ትርጉም በአጭሩ አብራችሁ ጻፉ። ቆርጦ የሚወስድ ሰው ቢኖርም፣ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ መልስ ሳያገኝ አይመለስ። ፊልጶስ የሮጠው ለዚያ አንድ ሰው ነው።

በዚያ በጋናው ሣጥን ውስጥ የነበረውን ሰው ስም እኔ አላገኘሁም። ቤተሰቡ ያውቀዋል፤ ከሣጥኑ ኋላ የተከተለውም ሕዝብ ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ በማኅፀን ሳለ የሠራው እግዚአብሔር ያውቀዋል። ወዳጁ አልዓዛር በሞተ ጊዜ በስሙ ጠርቶ ከመቃብር ያወጣው ጌታ (ዮሐ. 11፥43) ስሙ የጠፋበት ሟች የለውም። ቪዲዮው እንደገና በስልካችሁ ላይ ቢመጣ፣ ዓይናችሁን ከተሸካሚዎቹ ላይ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ሣጥኑን ተመልከቱ። ስሙን ለምታውቀው ነፍስ ምሕረትህን አድርግ ብላችሁም በልባችሁ ጸልዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።